ወደ ኋላ የሚፈሰው ጅረት

ውድ ቱሪድ፣

አዋላጇ ስልኩን ከእጅሽ ከወሰደችው በኋላ እዚህ ሎንግየርቢየን የሆነውን፣ አለቃችን ሃልቫርድ አሳምረው ሳያወሩልሽ እኔ ልንገርሽ።

ደሴታችን ማዋለጃ የላትምና አንቺን ወደ ትሮምሶ ከሸኘንሽ ወዲህ ፕላዝማውን፣ ያን በሰማይ ጫፍ የሚፈሰውን በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ፣ የምንከታተልበት ራዳር ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየንም ነበር። ማክሰኞ ቀትር ላይ ግን ስትጠብቂው የነበረው ቀዩ የሰሜን ብርሃን፣ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ በማትወጣበት በጨለማው ሰማያችን ላይ ወጣ። ወዲያው ደወልኩልሽ። ምጥ እንደጀመረሽ እንኳ አልነገርሽኝም። «ፕላዝማው ወዴት እየፈሰሰ ነው?» ብቻ ነው ያልሽኝ።

«ወደ ኋላ» አልኩሽ።

ሃልቫርድ ከጀርባዬ ቆመው ነበር። አለቃ አይደሉ፣ ስንት ዓመት ያሉሽን ደገሙት። «እዚያ ላይ ያለው ፕላዝማ ዋልታውን አቋርጦ ወደ ሌሊቱ የምድር ወገን ነው የሚፈሰው። ቱሪድ መሃሉ ላይ የሚመለስ ጅረት አለ የምትለው የመሣሪያ ስህተት አይታ ነው።»

«ሰምቻቸዋለሁ» አልሽ እያቃሰትሽ። «የራዳሩን ሁለተኛ ዲሽ ወደዚያው አዙሪና አሳዪያቸው።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ዲሹን አዞርኩት። ቀስ ብሎ ሲዞር ዓይኔን ከሰማዩ አልነቀልኩም፤ ብርሃኑ ቢጠፋ ድካምሽ ሁሉ ለሌላ ዓመት መቅረቱ ነው። አልጠፋም። የመጀመሪያው ዲሽ ያሳየን ያው ቀጭን መስመር ስክሪኑ ላይ በዚያው ቦታ ብቅ አለ። ሁሉ ወደፊት ሲፈስ እሱ ብቻ ወደ ኋላ ይጋልባል።

ሃልቫርድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አደረጉት። እንደገና አወለቁት።

«መነጽሩም ተበላሸ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ አንቺ። ስልኩን አምጪው።»

ደውዬ ድምፁን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ማን እንዳነሳው እንኳ ሳይጠይቁ ጀመሩ። «ተሳስቻለሁ። ይመለሳል፤ በሁለቱም ዲሽ አየሁት። ይህን ያህል ዓመት ስላደከምኩሽ ይቅር በይኝ።»

ያነሳችው አዋላጇ ነበረች። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«እኔስ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለቻቸው። «ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ሃልቫርድ ወንበራቸው ላይ ዘጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅሁ፣ ትንሽም አለቀስኩ።

ሐሙስ ግራፉን ይዘንልሽ አብረን እንመጣለን። ሃልቫርድ ለልጅቷ የሱፍ ካልሲ እየሠሩላት ነው። አንደኛው ከሌላው በጣም ይረዝማል። አደራ፣ እግሯ ላይ አጥልቂላትና አመስግኛቸው።

እስክንገናኝ በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ።

ሲግሩን