ከጠረጴዛው በላይ የሰቀልሽው ኮርቻ

ውድ ፌንጣዬ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ሌላ ቀልድ ይዞ እንደመጣ ነው። አልፈርድብሽም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ፖስታውን ከመቅደዴ በፊት አራግፌ አየው ነበር፤ የዚህን ሽማግሌ ነገር ማን ያምናል? ግን አትፍሪ። ውስጡ ያለው የአያትሽ እጅ ጽሑፍና የአያትሽ እፍረት ብቻ ነው። ጽሑፉ ቢጣመምብሽ በእርጅና አሳብቢልኝ። እፍረቱን ግን በምንም አታሳብቢው፤ የራሴው ነው።

እናትሽ ለገና እንደማትመጪ፣ በዓሉንም ጓደኛሽ ቤት እንደምትውዪ ስትነግረን አባትሽ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ልጄ ነውና ዐይኑን አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለ ጥጃዋ የሞተችበት ቀን እንደዚያ ነበር ያየኝ፤ የገደልኳት እኔ ይመስል። ያን ጊዜ ንጹሕ ስለነበርኩ መልሼ አፈጠጥኩበት። አሁን ግን ዐይኔን ወደ ሳህኔ መለስኩ።

የምታውቂውን ነገር መልሼ የምተርክልሽ መሀሉ ላይ የማታውቂው ስላለ ነው። ታገሺኝ።

ቤቱን ለገና እንደ ድሮ የገበሬ ቤት ላስጌጠው ነው ብለሽ የመጣሽ ቀን ደስታሽ ከደረጃው ቀድሞሽ ነበር የገባው። ያቺ አሮጌ የገጠር ዕቃ የምትሸጠው፣ በበዓል ሰሞን የሰው ቤት እየዞረች የምታስውበው ባለሱቅ መጥታ ልታየው ነው፤ ከወደደችው ትቀጥርሻለች። ሥራ ፍለጋ ስንት ጫማ እንደጨረስሽ አውቃለሁ። ስትወጪ ደህና ሆነው፣ ስትመለሺ የሚያነክሱትን ጫማዎችሽን በር ላይ እያየሁ ነው የኖርኩት። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠሽ አንድ ነገር ጨመርሽ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

«የማንንም ገበሬ ቤት አይደለም የምሠራው፣ አባባ። የሚስትህን፣ የአያቴን ክፍል ነው። እርሻውን ከተውክ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። ዘንድሮ ቤትህ ትውላለህ።»

አንቺ ያንን የእርሻ ቤት ያየሽው አያትሽ ካረፈች በኋላ ነው፤ ግድግዳው ባዶ ሆኖ። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርሽ። አያቴ ከጠረጴዛው በላይ ምን ትሰቅል ነበር አልሽኝ። ኮርቻ አልኩሽ። ለምን ስትይኝ አይጥ ቆዳውን እንዳይበላው፣ ደግሞም እንግዳ ቀና ብሎ እንዳይቀመጥና ቶሎ በልቶ እንዲሄድ አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ግን አመንሽ። በሩ ላይስ? የላም ቃጭል፣ እያንዳንዱ ካልሲ የለበሰ፣ ድምፁ እንዳይረብሽ። ከየወንበሩ ሥርስ? ድርቆሽ የሞላ ሳጥን፣ እግር እንዲሞቅ። ዶሮስ ቤት ውስጥ ነበረች? ለገና ብቻ፣ ከኩባያዎቹ መሀል፣ በእንግድነት። ዶሮዋን እናትሽ ባትከለክልሽ ኖሮ እሷንም ታመጫት ነበር።

በሆዴ እስቅ ነበር። አንቺን ማሞኘት ለእኔ እንደ ማር ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ቀልዴን ቀድመሽ ትነቂበት ነበርና አሁንም ትነቂበታለሽ፣ በመጨረሻም ትመጪና ጆሮዬን ትይዢኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አልነቃሽም። አያትሽን የሚመለከት ነገር ላይ የምቀልድ አልመሰለሽም።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። ከራስሽ ዐይን ያመጣሽው ሁሉ ያምር ነበር። ያን ቀለሙ የተላጠ የእንጨት መሰላል ግድግዳ አስደግፈሽ ብርድ ልብሶቹን በየደረጃው ስታጣጥፊ፣ የድሮውን የወተት ቆርቆሮ አጽድተሽ የጥድ ቅርንጫፍ ስትሞዪበት፣ የዛገ ፋኖስ ውስጥ ሻማ ስታቆሚ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጋዜጣ የማነብ መስዬ አይሽ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በኮርቻውና በድርቆሹ።

ባለሱቋ የመጣች ዕለት የሆነውን መቼም አትረሺውም። መሰላሉን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ቆርቆሮውን በጣቷ ቆርቁራ ከየት አገኘሽው አለችሽ። ፊትሽ በራ። ቀጥላ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ስትል ግንባሯ ከእርካቡ ጋር ተላተመ። ቀና ብላ ኮርቻውን አየች፣ ዞር ብላ ካልሲ የለበሰውን ቃጭል አየች፣ ጎንበስ ብላ ድርቆሹን አየች። በዚያው ቅጽበት አባትሽ በድርቆሹ ምክንያት ማስነጠስ ጀመረና አላቆም አለ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ይህን የትኛው ገበሬ ቤት አየሽው አለችሽ።

አንቺም በኩራት ወደ እኔ ዞርሽ። አያቴ እርሻ ላይ ነው ያረጀው፣ እሱ ይንገርሽ አልሻት።

«እውነት ነው፣ አባት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት። ዐይኔን በጨው አጥቤ «እኔ እንጃ፤ የዛሬ ልጆች ያመጡት ይሆናል» አልኩ። በሰው ሲስቅ ያረጀ ሰው፣ ሲሳቅበት እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ቀልዱ የኔ ነው ብል ሳቁ ወደ እኔ ሊዞር ነበር። አንቺ ላይ እንዲቀር ተውኩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ግን ጅቡን በሩን ከፍቼ ያስገባሁ አያት ነኝ።

ታጋልጪኛለሽ ብዬ ነበር። ብታጋልጪኝ ይቀለኝ ነበር። አንቺ ግን ትንሽ አየሽኝና ወደ ሴትዮዋ ዞረሽ «ከራሴ ፈጥሬው ነው» አልሽ።

የሴትዮዋ ፊት ያኔ ነው የተለወጠው። ቦርሳዋን አንሥታ በጨዋ ደንብ ተሰናብታ ሄደች። አንቺም ወንበር ላይ ወጥተሽ የኮርቻውን ገመድ መፍታት ጀመርሽ። እኔም፣ ይህ ያልተባረከ ምላሴ፣ ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ ፈረሱንስ የት አሰርሽው አልኩሽ። ገመዱን ፈታሽ፣ ድርቆሹን አወጣሽ፣ መሰላሉንና ቆርቆሮውንም ሳይቀር አነሣሽ። ቤቱ እንደ መስክ ባዶ ቀረ። ልብስሽን ይዘሽ ስትወጪ እናትሽን ሳምሻት፣ አባትሽን ሳምሽው፣ ለእኔ ደህና ዋል አልሽኝ። ከሰደብሽኝ ይልቅ ያ ደህና ዋል ነው የሚያቃጥለኝ።

የማታውቂው እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። በማግስቱ ምርኩዜን ይዤ ሴትዮዋ ሱቅ ሄድኩ። እኔ በዘመኔ እሳት የጨመርኩትን ዕቃ ሁሉ እሷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የተሰበረ የጋሪ ጎማ፣ እጀታው የወለቀ መጋዝ፣ ቀዳዳ ባልዲ። ይህን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ምንም አልጥልም ነበር አልኳት። ፈገግ አላለችም። የፋኖስ መስታወት በጨርቅ እየወለወለች ነበር።

ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት። ኮርቻውም፣ ካልሲውም፣ ድርቆሹም የኔ ውሸት መሆኑን፣ ስጠየቅም መካዴን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔኮ ሥራውን የከለከልኳት በኮርቻው አይደለም» አለች። «ኮርቻው አስቆኛል፤ ያስቃላ። ግን ከራሴ ፈጥሬው ነው አለችኝ። እዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህ ዕቃ የማን ነበር፣ የት ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። የራሱን ፈጠራ አሮጌ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሰው አብሮኝ መሥራት አይችልም።»

ገባሽ? የጎዳሽ እኔን ለመሸፈን የተናገርሽው ቃል ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ያዋረድኩሽ ያህል ተሰማኝ። እሷ ውሸታም አይደለችም፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ እያልኩ እዚያው እንደ ልጅ ለመንኳት። ትንሽ ለስለስ አለች። ቃል አልገባም፣ ግን ራሷ መጥታ ታናግረኝ፤ ከበዓሉ በፊት ቤቱን በእውነተኛው መልኩ ሠርታ ካሳየችኝ አየዋለሁ አለች። ከዚያም፣ ክፋት ሳይኖራት፣ ጨርቋን እያጣጠፈች ጠየቀችኝ፦ ታዲያ እውነተኛው ቤት ምን ይመስል ነበር?

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም።

ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር? በሩ ላይስ? መጋረጃው ምን ቀለም ነበር? እዚያ ቤት በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ልጅ አሳድጌ አርጅቻለሁ። የእያንዳንዷን ላም የጡት ጠባይ እስከ ዛሬ በቃሌ እነግርሻለሁ። የሚስቴን የገና ጠረጴዛ ግን አላውቀውም።

ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ። «ረሱት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አልረሳሁትም» አልኳት። «አላየሁትም።»

ፌንጣዬ፣ አንቺ ስትጠይቂኝ ኮርቻ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ባዶ እጄን የደበቅኩበት ነው። አላውቅም ብልሽ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ አንቺም ሌላ ቦታ ትጠይቂ፣ ሥራሽንም ታገኚ ነበር። አንዲት ቃል የምታህል እውነት አጥቼ ያን ሁሉ ድርቆሽ አሸከምኩሽ።

ከሱቁ ወጥቼ እመንገዱ ዳር አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩና የቀረኝን ሰበሰብኩ። ላም ገና መሆኑን አታውቅም፤ በበዓሉም ዋዜማ ትታለባለች። እኔ ሁልጊዜ በረት ነበርኩ። ስለዚህ የማስታውሰው ከውጭ ያየሁትን ነው። ባልዲ ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ መስኮቱ ላይ ጠርዙ የተላጠ ነጭ የብረት ጆግ ይታየኝ ነበር፣ ጥድ ቅርንጫፍ የሞላበት፣ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ግራ የዘመመ። ከጆጉ ኋላ መብራት አለ። ከመብራቱ ኋላ የአያትሽ ጀርባ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትላለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች፣ ጥቂት ታንቀሳቅሰውና እንደገና ወደ ኋላ ትላለች። ያንቺኑ አደራረግ ነው። ምን እንደምታስቀምጥ ጀርባዋ ስለሚከልለኝ አላይም።

ስገባ «አየኸው?» ትለኝ ነበር። እኔም «ምኑን?» እያልኩ እጄን ታጥቤ ለመብል እቀመጣለሁ። እንደምቀልድ ይመስላት ነበር፤ ትስቃለችም። እየቀለድኩ አልነበረም።

ያለኝ ይኸው ነው። ከድርቆሽ ያነሰ ነው፣ ግን እውነት ነው። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ ይቅርታሽን በጊዜሽ ስጪኝ፣ ካልፈለግሽም ንፈጊኝ። የምለምንሽ ሴትዮዋን ሄደሽ እንድታናግሪ ነው። ከዚያም ወደ ቤት ነይ። መስኮቱን አንቺ ከውስጥ አሰናጂው፤ እኔ ከውጭ ብርዱ ላይ ቆሜ ቅርንጫፉ ወዴት እንደሚዘም በምርኩዜ አሳይሻለሁ። ጠረጴዛውን ከራስሽ ዐይን አውጪው። ማንም ቢጠይቅሽ መስኮቱ የአያቴ ነው፣ ጠረጴዛውን ግን የአያቴ ባል ስላላየው እኔ ጨመርኩት በይ። እኔም አጠገብሽ ቆሜ አዎ እላለሁ።

ስትጨርሺ እገባለሁ። አየኸው ብለሽ ሳትጠይቂኝ አያለሁ።

ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅሽ፣
አያትሽ