በጠፍጣፋው ኬብል ያለፈው ልብሽ

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ ልጅ፣ ዓይኔ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ አባትሽ እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ፤ እኔም ከእሱ አልሻልም። የጠየቅሽኝን የልብሽን ምስሎች ትናንት ልኬልሻለሁ፤ ሁሉም ደርሰዋል። እንዴት እንደደረሱ ግን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው።

ዲስኩን ታውቂዋለሽ። በአራት ዓመትሽ ልብሽን ያከመሽ ሆስፒታል አሮጌውን የአልትራሳውንድ ማሽን ሲጥል፣ ኮምፒውተሮቻቸውን የምጠግነው እኔ ነበርኩና፣ አስፈቅጄ ያንቺን ምስሎች በአንድ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌላ ቅጂ የትም የለም። ያኔ አዲስ ነበር፤ አሁን ግን እንደ እኔ ጉልበት ሲነሳ ይንቋቋል።

በስልክ “እማዬ፣ በዩኤስቢ ሰክቶ መገልበጥ ነው እኮ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም” አልሽኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለኝ ማገናኛ የመጀመሪያው ዘመን ዩኤስቢ ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ቢያሳልፍ ነው። ሰካሁት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። “የቀረው ጊዜ” የሚለው ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። አባትሽ ከኋላዬ ቆሞ “ደረሰ?” ይለኛል።

“ገና ነው።”

“አሁንስ?”

“አንተ ሰውዬ፣ ሩዝ አይደለም እኮ የጣድኩት!”

እሱን ተቆጣሁ እንጂ የእኔም ልብ ተንጠልጥላ ነበር። ያረጀ ዲስክ ብዙ በዞረ ቁጥር ይሞቃል፤ ሞቆ ከቆመ ደግሞ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ማገናኛውን ነቅዬ ከጓዳ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፈትኩና ዲስኩን በጠፍጣፋው ሪባን ኬብል በቀጥታ አሰርኩት። ያ ኬብል በሰከንድ ሠላሳ ሦስት ሜጋባይት ያሳልፋል። ሽቦው በእጥፍ የበዛው ዓይነት ቢሆን ደግሞ እስከ መቶ ይሄዳል። የዛሬዎቹ ቀጫጭን ሳታ ኬብሎች ከዚያም ይፈጥናሉ፤ ግን መሰኪያቸው ሌላ ስለሆነ ለዚህ ሽማግሌ አይሆኑትም።

እጄ ላይ የነበረው ሽቦው ያነሰው ነው። ኮምፒውተሩም አውቆ “ከሠላሳ ሦስት በላይ አልፈጥንም” ብሎ ነበር። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ እስከ ሐሙስ ብለሻላ። አስገድጄ ወደ መቶው አስገባሁት። ወዲያው ስህተት በስህተት ሆነ፤ የተላከው ተበላሽቶ ይደርሳል፣ ኮምፒውተሩ ድገም ይላል፣ ዲስኩ ይደግማል፣ ያም ይበላሻል። ከዚያ ቋ፣ ቋ አለና ጸጥ። ደንበኛውን ሁሉ “በዚህ ኬብል አታፍጥኑ” እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሴትዮ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አባትሽ የካርቶን ክዳን ቀዶ ዲስኩን ያራግብለት ጀመር፤ ትኩሳት ለያዘው ሕፃን እንደሚራገበው። ሲቀዘቅዝ እንደገና አስነሳሁት። አሁን ከሠላሳ ሦስቱም ዝቅ አድርጌ ወደ አሥራ ስድስት አወረድኩት። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጆሯችንን ደገንን። ዞረ። አንድ ፋይል መጣ፣ ሌላው ተከተለ።

በሙሉ መምጣታቸውን ለማየት አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ቆመው የቀሩ ሥዕሎች ናቸው ብዬ ነበር፤ አንዱ ግን ይንቀሳቀሳል። ልብሽ ነው። በዚያ ግራጫ ጭጋግ ውስጥ የአራት ዓመት ልብሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። አባትሽ “ሱቁን ማን እየጠበቀ ነው?” ብሎ ወጣ። በሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ብዙ ቆየ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይብቃን። “ለማስታወሻ ነው የፈለግኳቸው” አልሽኝ። ለማስታወሻ የሚፈለግ ነገር እስከ ሐሙስ ካልደረሰ ተብሎ ሰው ይጨነቃል? ላኪበት ያልሽኝስ አድራሻ? የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የሚለው። እናትሽ ማንበብ ትችላለች። እንደገና ሊከፍቱሽ ነው፤ ድሮ የተሠራውን ሳያዩ መንካት ስለማይፈልጉ ነው ምስሎቹን የጠየቁሽ። እንዳንጨነቅ ብለሽ መደበቅሽ ይገባኛል። አልቆጣሁሽም። ፈራሁ ግን። በጣም ፈራሁ፣ የኔ እናት።

ይህን የምጽፍልሽ ከሱቅ አይደለም። ትናንት ፋይሎቹ እንደደረሱ ቆልፈን ትኬት ቆረጥን። አሁን ያለነው አንቺ ከተኛሽበት ክፍል ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ ነርስ “ታማሚዋ እዚህ ቤተሰብ የለኝም ብላለች፤ እሷ ሳትፈቅድ ማንም አይገባም” አለችን። አባትሽ “እኛ ታዲያ ምንድን ነን?” ሊላት ሲነሳ በኮቱ ጎትቼ አስቀመጥኩት። ትክክል ናት፤ ሥራዋ ነው።

አናስለቅስሽም። እኔ አላለቅስም፤ ለአባትሽ ግን ዋስ አልሆንም። መተኛት ከፈለግሽ ተኚ፤ እስክትነሺ እንጠብቃለን። ነገም ስትገቢ እዚሁ ነን፣ ስትወጪም እዚሁ።

ፈጣሪ የሐኪሞቹን እጅ ይባርክ። ክፉሽን አያሰማኝ፤ በሰላም ገብተሽ በሰላም ውጪልኝ።

እናትሽ

ልጄ፣ ለነርሷ “ይግቡ” በያት።