እድርተኛውን ያላሳፈረው ቀይ ሲሚንቶ
የአቶ ዘርአጽዮን ዑቕባይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘርአጽዮን ዑቕባይ ከአባታቸው ከአቶ ዑቕባይ ተስፉ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስመረት ገብረመድኅን ጥር 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በትግራይ ውቅሮ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በውቅሮና በመቀሌ ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይላቸው ነበር፤ ማረም ሰልችቷቸው ተዉት።

ለአርባ ዓመታት ለጥቂት ፈሪ በሲሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ አገልግለዋል። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቅዬ መንግሥቱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሉዋምን እና ተስፉን አፍርተዋል።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ሊያርፉ ነው ብሎ ነበር። እሳቸው ግን «ዕድሜዬን ሙሉ ሰማይ ሳጠቁር ኖርኩ፤ በቀረችኝ ላጥራው» አሉ። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ ስለሚሠራ የሚለቀው በካይ ጋዝ ብዙ ነው። እሳቸው ከተቃጠለው ድንጋይ ግማሽ ያህሉን አስቀርተው፣ በቦታው በመለስተኛ እሳት የበሰለ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተኩ። አዲስ አበባ ሳሊተ ምሕረት በሚገኘው ቤታቸው ጓሮ ምድጃ ተክለው ሦስት ዓመት ሞከሩ። ሲሚንቶው ወደ ቀይ ስለሚያደላ ጎረቤት «ጋሽ ሸክላ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ አብረው ይስቃሉ።

በ2013 ዓ.ም. የሰፈሩ እድር ድንኳን ከመትከል የሚገላግለውን የለቅሶ አዳራሽ ሲጀምር፣ በአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ያስመረቱትን ሲሚንቶ ይዘው ቀረቡ። እድሩም ፈቀደ። የአዳራሹ ምሰሶና ጣሪያ በሙሉ በእሱ ተሞላ። ግንበኞቹ ግን የበረንዳውን ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ጣሪያውን፣ የደገፈውን እንጨት በለመዱት ቀን ነቀሉት፤ ይህ ሲሚንቶ ቀስ ብሎ የሚጠነክር በመሆኑ ሶሌታው ተሰነጠቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

የእሑዱ ስብሰባ መቼም አይረሳም። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ረታ «ዘርአጽዮን፣ ለቀባሪ በሠራነው ቤት እኛኑ ልትቀብረን ነው?» ብለው ጮኹ። ሁሉም ይፍረስ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ ይህን ታሪክ የጻፈው የወ/ሮ ወርቅዬ ወንድም ደጀኔ ነው፤ ዛሬም ያፍርበታል። አቶ ዘርአጽዮን ተነሥተው በግንበኞቹ አላሳበቡም። «ኬሚስትሪውን አውቄ የግንበኛውን ልማድ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ስምንት ቀን ስጡኝ። አዳራሹ ካልጸና ከመዝገቡ ሰርዙኝ፤ ሬሳዬንም አታንሱ» አሉ። እድር የሌለው ሰው ቀባሪ እንደማያገኝ የሚያውቀው ጉባኤም የጠየቁትን ቀን ሰጣቸው።

ሃያ ስምንቱን ቀን ከግንበኞቹ አለቃ ከአቶ ዓብዱ ጋር እየተመላለሱ አርማታውን ውኃ አጠጡ። ቀኑ ሲደርስ የአርማታው ናሙና በላቦራቶሪ ተጨፍልቆ ከተጠየቀው ጥንካሬ በላይ ተገኘ። አቶ ዓብዱ በደስታ ተሸክመዋቸው ወጡ! በረንዳው እንደገና ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ድጋፉ የሚነቀልበት ቀን በየከረጢቱ ላይ በትልቁ ይጻፋል። በካይ ጋዙን በአርባ በመቶ ገደማ የቀነሰው ይህ ሲሚንቶ ከሲ.ኤም.ሲ እስከ ቦሌ ፎቆችን አቁሟል። እሳቸውም በታክሲ ሲያልፉ እነዚያን ፎቆች ለማያውቁት ተሳፋሪ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

አቶ ዘርአጽዮን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ድካማቸውን ከንቱ ያላስቀረ አምላክ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

የእድሩን ጡሩምባ ዛሬ ንጋት ያስነፉት ጋሽ ረታ ናቸው። የአቶ ዘርአጽዮንን አስከሬንም የተሸከሙት እድርተኞቻቸው ናቸው። ከቀብር መልስ ሁላችንም የምንቀመጠው በዚያው አዳራሽ ነው።