ጓዳ የሌለው ቤት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሶስና፤

እንዴት ነሽ ሶሲዬ? የወልቂጤ አየር ተስማማሽ? አክስትሽ ጠጅቱ እህል መቅመስ እንደጀመርሽ፣ ጠዋት ጠዋትም እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሄድሽ እንደምትመለሺ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል።

ያልደወልኩት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ስልክ ሲጠራ ስለምትደነግጪ ለጊዜው ከአጠገብሽ ይራቅ ብላለች አሉ ሐኪምሽ። ስለዚህ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ስምንት ዓመት መስታወትና አልሙኒየም ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከልኬት በቀር ጽፌ አላውቅም። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ታገሺኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የወልቂጤው ሹፌር ዱጉማ ነው።

ጎረቤታችን ወይዘሮ እንዳለች ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር “ሶሲ መቼ ነው የምትመጣው?” ትለኛለች። “ለዕረፍት ነው የሄደችው” እላታለሁ። በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ የተከልሽው ጤናዳም ሊሞትብኝ ነበር። “ውሃ አብዝተህበት ነው፤ ላንተ መንከባከብ ማለት ማፍሰስ ነው” ብላ ወሰደችው። አሁን እሷ በረንዳ ላይ አምሮበታል።

ለመስቀል አልመጣሁም። ጠጅቱ “ወንድሜ፣ የዘንድሮው ይቅርብህ፤ ልጅቷ ገና ናት” አለችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አገር ቤት ሳልገባ መስቀል ሲያልፍ የመጀመሪያዬ ነው። ወርክሾፔ ባለበት በጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቼ ሁሉ አገራቸው ገብተው መንደሩ ጭር ብሎ ነበር። ወርክሾፑን ከፍቼ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም እንደምወድ ታውቂያለሽ።

ሰንጋ ተራ ያለውን መሥሪያ ቤትሽን የማደስ ሥራ ያገኘሁ ቀን ምን ያህል እንደኮራሁ ታስታውሻለሽ። አንቺ ቀድመሽ በፈተና ገብተሽ የሰው አቤቱታ በስልክ ትቀበያለሽ፤ እኔ ደግሞ በጨረታ ገባሁ። የዝምድና ወሬ እንዳይነሳ ብለን አባትና ልጅ መሆናችንን ከጓደኛሽ ከሀያት በቀር ማንም እንዳያውቅ ተስማማን። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ አንቺ “እሺ” ብቻ ነው ያልሽው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለመለኮት ግድግዳ የሚባል ነገር አልፈለገም። ሁሉ ነገር መስታወት እንዲሆን፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ሰማንያችሁንም ማየት እንዲችል ነበር ፍላጎቱ። ለዚህ ደግሞ ከኋላ ያለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል መፍረስ ነበረባት። እናንተ “ጓዳ” ትሏት የነበረችው። ምሳ ዕቃችሁን ከፍታችሁ የምትጎራረሱባት፣ ሀያት የምትሰግድባት፣ ደንበኛ የሰደበው ሰው ገብቶ እንባውን ጠራርጎ የሚወጣባት።

ቅዳሜ ምሳ እየበላን “አባዬ፣ ያቺን ክፍል አትንካት” አልሽኝ።

“የሥራ ቦታ ጓዳ ምን ይሠራለታል? ጓዳሽ እዚሁ ቤትሽ ነው” አልኩና ሳቅሁብሽ።

“ቀኑን ሙሉ ስንሰደብ ውለን እስከ ማታ የት እናስቀምጠው?”

ይህን ስትዪ ድምፅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ግን “ወጡን አቀብዪኝ” አልኩሽ። ሰኞ ጠዋት በመዶሻ አፈረስኳት።

ሐሙስ ደረሰ። ሀያት በኋላ እንደነገረችኝ አንድ ሰው በስልክ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲሰድብሽ፣ የሞተች እናትሽን ሳይቀር ሲያነሳ ቆይቶ ጆሮሽ ላይ ዘጋው። ማዳመጫሽን አውልቀሽ ወደለመድሽው በር ሄድሽ። በሩ የለም፤ በቦታው የእኔ መስታወት ቆሟል። ግንባርሽን እሱ ላይ አስደግፈሽ አለቀስሽ። ሰማንያ ሰው ያይሻል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ የመስታወት ማጣበቂያ ሲልከን ይዤ ቆሜያለሁ። በመካከላችን ያለው አሥር ሚሊ መስታወት ነው።

አቶ ኃይለመለኮት ከጎኔ ነበር። “ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ያውቋታል እንዴ?” አለኝ።

“አላውቃትም” አልኩ።

የዚህ ዓይነት መስታወት ድምፅ አያሳልፍም፤ እኔው ነኝ ለሰውዬው እየማልኩ የሸጥኩለት። ግን በስተቀኝ በኩል የመስታወቱ በር ገና አልተገጠመም ነበር። ቀና ብለሽ ስታዪኝ እንደሰማሽ ገባኝ።

ሥራው እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ ቃላችንን ለመጠበቅ ነው እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ውሸት ነው ልጄ። አፈርኩብሽ። ሰው ፊት የምታለቅስ ልጅ አባት መባል አሳፈረኝ። ይኸው ነው እውነቱ።

ቤት ገብተሽ ክፍልሽን ከውስጥ ስትቆልፊ እንኳ ዝም ማለት አልቻልኩም። በር ላይ ቆሜ “ሰው ሁሉ ይሰደባል፤ የተሰደብሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?” አልኩሽ። በሦስተኛው ቀን መቀርቀሪያውን ፈትቼ አነሳሁት። የፈታሁት ፈርቼ ነው፤ ራስሽን የምትጎጂ መስሎኝ። እሱን ግን ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ዛሬም ቢሆን እፈራለሁ። ነገር ግን መሥሪያ ቤትም ቤትም መሸሸጊያ ያሳጣሁሽ እኔ መሆኔን የተረዳሁት ጠጅቱ መጥታ ከወሰደችሽ በኋላ ነው።

አክስትሽ ደግሞ አንድ ነገር ሳትደብቅ ነገረችኝ። ወልቂጤ ሆስፒታል ካርድ ስታወጡ ጸሐፊዋ ስምሽን ጠየቀችሽ፤ “ሶስና” አልሽ። የአባት ስም ስትልሽ “አላውቀውም” አልሽ። ጠጅቱ ደንግጣ የእኔን ስም ልትናገር ስትል እጇን ያዝሻት አሉ። ካርዱ ላይ “ሶስና ጠጅቱ” ተብሎ ተጻፈ። ይህን የሰማሁ ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ነበርኩ፤ መቁረጫዬን አስቀምጬ ወጣሁ። አልተቀየምኩሽም። ቃሉን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሽውን ወሬ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አምስት ሰው ሥራ ለቀቀ። አቶ ኃይለመለኮት ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያየው ሁሉ የገባው የሚመስለው ሰው ነው። እንደ እኔ። የሆነ ባለሙያ አማክሮ ኖሮ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ጠራኝና “ሠራተኛው አረፍ የሚልበት ክፍል ሥሩልኝ፤ ዲዛይኑን ያምጡ” አለኝ።

እኔ ምን ዲዛይን አውቃለሁ? አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ያኔ ቅዳሜ። ሀያትን ጠየቅኋት። “ጋሽ ፍሰሐ፣ መጀመሪያ መስታወት አያስገቡበት” አለችኝ። ቀጥላም ውሃ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ጫማ የሚወልቅበት ንጹሕ ጥግ አለችኝ። ኢዶሳ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ደግሞ “ወንበራችን ጀርባውን ለመተላለፊያው ሰጥቷል፤ ማን ከኋላዬ ቆሟል እያልኩ ነው የምውለው” አለኝ። የምትሠሩበትን አዳራሽ ወንበሮች ሁሉ ከግድግዳ ጋር አዙሬ አስደገፍኳቸው። የአንዱ ጩኸት ለሌላው እንዳይደርስ በየመካከሉ ወፍራም ጨርቅ የለበሰ ሰሌዳ አቆምኩ። ሥራውን ስሠራ በየወንበሩ አንቺን እያስቀመጥኩ ነበር የምለካው።

የማረፊያ ክፍሉን በር ከዝግባ እንጨት ሠራሁት። መስታወት ሠሪ እንጨት ሲልግ አይተው የጌጃ ሰፈር አናጢዎች ሳቁብኝ። አቶ ኃይለመለኮት መጥቶ አየና “ትንሽ ማያ ቀዳዳ ቢጤ ይኑረው እንጂ፤ ማን ምን ያህል እንደቆየ በምን አውቃለሁ?” አለ።

“ቀዳዳ ከፈለጉ ሌላ ሰው ያስበሱ” አልኩት። “ይልቅ የተሰደበ ሰው ገብቶ ሲወጣ የት ነበርክ ብለው አይጠይቁ። ይህን ካልፈቀዱ ክፍሉ መጋዘን ነው።”

“እስቲ እንሞክረው” ብሎ ሄደ። እስካሁን አልጠየቀም ትላለች ሀያት። ይቆይ አይቆይ አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቅሁና በሩ በደንብ መዘጋቱን ለማየት ከውስጥ ቀረቀርኩት። ይዘጋል። የስልኩ ጩኸት ሁሉ ራቀ። አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። እናትሽን ስቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አቶ ኃይለመለኮት በሩን ሲነካው ተዘግቷል።

“ማነው እዚህ ውስጥ ያለው?” ሲል ሰማሁ።

ሀያት ናት የመለሰችለት። “የሶስና አባት ናቸው” አለችው። “ይተዉአቸው።”

ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። እኔ አንድ ጊዜ ማለት ያቃተኝን እሷ ሰው ሁሉ እየሰማ አለችው። ስወጣ አቶ ኃይለመለኮት ዴስኩ ላይ አጎንብሶ ያነብ ነበር። ፊቱ ቆሜ “ልጄ ናት” አልኩት። “ያኔ ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ። ልጄ ናት።” አራት ወር ዘገየ፤ አንቺም አልነበርሽም። ብቻ ብዬዋለሁ።

ወደ ሥራው ተመለሺ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። አትመለሺ። ወደ ቤት ነይ ለማለትም አፌን ሞልቼ አልደፍርም። ካርዱንም እንደተጻፈ ተዪው፤ ጠጅቱ ከእኔ የተሻለች አባት ሆናልሻለች።

አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። የክፍልሽን መቀርቀሪያ መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ አዲስ ነው፣ የሚዘጋው ከውስጥ ነው። ከመጣሽ እኔን ሳታዪ ገብተሽ ዝጊው። አንድ ቀንም ሁኚ፣ አንድ ዓመትም ሁኚ፤ አላንኳኳም። ሳህኑን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ደረጃ ላይ ሰው “ማን አለ ውስጥ?” ቢለኝ የምመልሰውን አውቀዋለሁ።

እመቤቴ ልደታ እፎይ ታሰኝሽ። እንቅልፍሽን የጤና፣ ቀንሽን የቀለለ ታድርግልሽ። የሰው ክፉ ቃል ከጆሮሽ ይውጣ፤ የእኔም ጭምር። አሜን።

የሶስና አባት፣
ፍሰሐ