ከቺፑዱ ወዲያ

መርሳ፣ ረቡዕ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

አዲሱ ኮምፒውተር ዛሬም አበሳዬን አሳየኝ። የድሮው በጦርነቱ ከሱቁ ዕቃ ጋር ሲዘረፍ ወንድሜ ከደሴ የላከልኝ ነው። ሲስተሙ ከድሮው የተለየ ስለሆነ የለመድኩት የአማርኛ መጻፊያ አልጫን አለ፤ ጣቶቼ በሚያውቁት ቦታ ፊደሎቹ የሉም።

ጠዋት ጋሽ ይመር ከግራና ድረስ መጡ። ቤታቸው መቃጠሉን ለወረዳ የሚገልጽ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ነው። ገና ስማቸው ላይ ስዳክር ንዴቴ መጣና ሱቄን ከጎረቤቱ ሱቅ የሚለየውን የቺፑድ ግድግዳ በቡጢ ደበደብኩት። "ሰኢድ! ና እስቲ ይኼን ጉድ እይልኝ!"

አፌ ለምዶ ነው። ከቺፑዱ ወዲያ ፎቶ ኮፒ ቤት የነበረው ሰኢድ ነው፤ ኮምፒውተር እንቢ ባለኝ ቁጥር እንዲህ እጠራው ነበር። ነሐሴ ላይ ከተማው ሲሸሽ በእግሩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል የለም።

ጋሽ ይመር ወደ ቺፑዱ ዞሩ። "የለም እንዴ ልጄ?"

የለም ማለት አቃተኝ። "ወጣ ብሎ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያ እንጠብቀዋ፤ እኔ አልቸኩልም" ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

እኔም እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁና አብሬያቸው ጠበቅሁ።