ጤዛው ያልደረቀ አልፋልፋ

ሰኞ

የኔን ሳር «የእኔ ፈጠራ» ብሎ አቀረበው! እዚያው ወረዳው አዳራሽ፣ እኔ ፊቱ ቁጭ ብዬ! ጌታሁን! የልጄ የክርስትና አባት፣ አበልጄ። እስከ ዛሬ እዚህ ማስታወሻ ላይ እንኳ «እሳቸው» ነበር የምለው። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ «እሱ» ነው።

ቁስቋም ዳገት ላይ ያንን ጭንጫ መሬት በእርከን የከፈልኩት እኔ። ዳር ዳሩን ዝሆኔ ሳር፣ መሀሉን አልፋልፋ ተክዬ በተራ የማጭደው እኔ። የታችኛውን እርከን ስጨርስ የላይኛው ደርሶ ይጠብቀኛል። ፉርሽካ መግዛት ያቆምኩት፣ ጎርፉም አፈሬን መጠራረግ የተወው በዚሁ ነው። እሱ ክረምት ላይ ለወንፈል መጥቶ አብሮኝ ተከለ፤ ለዘር ስጪኝ አለ፣ በሸክም ሰጠሁት። አበልጅ አይደል?

ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ይቆረጥ! ቅዳሜ የወረዳው እንግዶች እሱ ግቢ መጥተው ያያሉ። ከወደዱት ያንን የወረዳውን ሜዳ ለመኖ ልማት ይሰጡታል። እኔ ስመኘው የኖርኩትን ሜዳ።

ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። ያሰብኳቸው በቀሎች፦
አቤቱታ መጻፍ። ማን ያምነኛል?
ሳሩን መንቀል። ሳሩ ምን አደረገ?
ክርስትና አባትነቱን ማስፋቅ። ቄሱ ይስቁብኛል።

ልጄ «እማ፣ ለእግዜር ስጪው» አለኝ። ለእግዜር የምሰጠው ሌላ ብዙ አለኝ። ይሄን ራሴው እይዘዋለሁ።

ረቡዕ

በአጥር ግቢውን አየሁት። አልፋልፋው አምሯል፣ አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። እሱ ያየው አተካከሉን እንጂ አበላሉን አይደለም! እርጥብ አልፋልፋ ለተራበች ላም ከሰጧት ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል። የኔዋ ቦራ አምና ዘይት ግቼያት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ አጭጄ ጥላ ውስጥ አጠወልገዋለሁ፤ መጀመሪያም ድርቆሽ አበላታለሁ። ለማን ነገርኩ? ለማንም።

ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ ገና ዛሬ።

ዓርብ

ሚስቱ እትዬ የሺ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። እሳቸው ምን በወጣቸው፣ ደግ ናቸው።

«ነገ ጠዋት በጤዛው አጭዶ ላሚቱን ሊያበላት ነው፣ ለፎቶ ያምራል ይላል። በደንብ እንድትበላም ዛሬ ማታ ምንም አትስጧት ብሏል» አሉኝ። ላሚቱ ዳማ ናት፣ የኔዋ የቦራ ልጅ። በእጄ ነው ያዋለድኳት።

«ሌላ የምናደርገው ነገር አለ እንዴ፣ አስካለ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ምንም የለም» አልኩ። ወንፊቱን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። የዘራውን ይጨድ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዤ። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልነገርኩትም።

ዳማ እየተስገበገበች በላች። ፎቶ ተነሳ። እሱ ንግግሩን ሳይጨርስ ግራ ጎኗ ተወጠረ፣ አረፋ ደፈቀች፣ ተንበረከከች። የከብት ሐኪሙ ስልክ አያነሳም። እትዬ የሺ ጮኹ።

ጠርሙሱን አወጣሁ። አልሰጠሁትም። «ጋሼ፣ ይሄ ሥራ የማን ነው? እስቲ ለእንግዶቹ ይንገሯቸው» አልኩ። እንግዶቹን አየ፣ ላሚቱን አየ። ዳማ አቃሰተች። እኔ ጠርሙሱን አጥብቄ ያዝኩ። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

«የእሷ ነው» አለ ባፉ ውስጥ።

«አልሰማንም!»

«የአስካለ ነው! ሁሉም የአስካለ ነው! ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ!»

ያኔ እንጨት እንደ ልጓም አፏ ላይ አሰርኩላት፣ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞርኩ፣ ዘይቱን ቀስ እያልኩ ጋትኳት። ጎኗን አሸሁ። ምንም የለም። አሸሁ። ስለቴን ለቁስቋም ማርያም ተናገርኩ። በመጨረሻ አገሳች፣ ግቢው ሁሉ ሸተተ፣ ቆመች።

እንግዶቹ ሰኞ ወደ እኔ ይመጣሉ።

እሁድ

ሜዳውን ለእኔ ሊሰጡኝ እንደሚችሉ ሰማሁ። እሰይ! እሱ ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። ይላክ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ አስቀምጣለሁ፣ እሱን ግን ለጊዜው አልታረቀውም። ትንሽ ይንጨርጨር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳማን ላያት ጎራ አልኩ። ድርቆሽ እያመነዠከች ነው። እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ዓርብ ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ።

 ወንፊቴን አጥበው፣ አድርቀው ኖሯል፣ አመጡልኝ። ግቢ አላሉኝም። ከዚያ በር ግቢ ሳልባል ተመልሼ አላውቅም።