ለራሳቸው ያልወሰዱት መርፌ፦ ስለ ዶክተር ኢሶጋይ ናትሱኮ ዕረፍት

የአሳናጊ የነርቭ ሕክምና ማዕከል መሥራችና የምርምር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኢሶጋይ ናትሱኮ ባደረባቸው የሳንባ ምች ምክንያት በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ በቶቶሪ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማዕከሉ ሠራተኞች በሙሉ ከባድ ሐዘን ደርሶብናል። ሐዘኑ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ጸጸትም አስከትሏል። ጸጸቱን ደብቀን ሥራቸውን ብቻ ብንዘረዝር፣ እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ይህን ጽሑፍ «አርሙት» ብለው ይመልሱልን ነበር።

ዶክተር ኢሶጋይ ማዕከሉን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ከመሠረቱ በኋላ፣ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሕሙማንን በየባሕር ዳር መንደሩ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያክሙ ነበር። ገና ደጃፍ ሲደርሱ የሚጠይቁት ስለ እጅ መንቀጥቀጥ አልነበረም። «ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣሉ?» ይሉ ነበር። የሚጣላ ሰው ገና ጉልበት አለው የሚል እምነት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ማዕከሉ እስካሁን ካከናወናቸው ሁሉ ትልቁን ሙከራ አስጀመሩ። ለስኳር ሕሙማን የሚታዘዝ አንድ መርፌ የነርቭ ሴሎችን ከመመንመን ሊጠብቅ ይችል ይሆናል የሚሉ ጥናቶች በየአገሩ ይወጡ ነበር። እሳቸውም መርፌው የፓርኪንሰን በሽታን ግስጋሴ ይገታ እንደሆነ ለመፈተን ተነሡ። ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ መርፌ በየሳምንቱ ሆዳቸው ላይ ይወጉ ነበር። የትኛው ለማን እንደደረሰ ሕሙማኑም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። የማዕከሉ ሠራተኛ በሙከራው እንዳይሳተፍ የሚከለክለውን ደንብ የጻፉት ዶክተር ኢሶጋይ ራሳቸው ናቸው።

በ2016 የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምርመራውን ያደረጉላቸው የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ኩኒሺ ማሳሩ ሲሆኑ፣ በሽታው ፓርኪንሰን ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ባለቤታቸው አቶ ቶሺካዙ ከእንኮይ እርሻቸው በቀጥታ፣ ቦቲ ጫማቸውን እንደተጫሙ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። ዶክተር ኢሶጋይም እዚያው ነበሩ።

«መድኃኒቱ እዚሁ ቤት ተቆልፎበት የለም እንዴ? ለማታውቁት ሰው ስትሰጡ ለእሷ ትከለክላላችሁ?» አሉ አቶ ቶሺካዙ።

ዶክተር ኩኒሺ ደንቡን ጠቀሱ። አያይዘውም መድኃኒቱ በገበያ ላይ ስላለ ከሙከራው ውጭ ሌላ ሐኪም ሊያዝዝላቸው እንደሚችል ተናገሩ። ዶክተር ኢሶጋይ ግን እንቢ አሉ።

«እኔ ከወሰድኩት ነገ አገሩ ሁሉ ‹ዶክተሯ ያወቀችው ነገር አለ› ይላል። ባዶው ደርሶኝ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥረው ሁሉ ጥሎን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ያውቃል?»

«ሌላው ሰው ይወቅ አይወቅ ምን ቸገረኝ! እኔ አንቺ እንድትድኚልኝ ነው የምፈልገው።»

«እንደሚያድን ብናውቅማ፣ አንተ ሰው፣ ሙከራው ለምን አስፈለገ?»

አቶ ቶሺካዙ በሩን ከፍተው ወጡ። ዶክተር ኩኒሺ «ውሳኔዎን እናከብራለን» አሉ፤ እኛም ሁላችን እንዲሁ አልን። ሐሳባቸውን እንዲለውጡ አንዳችንም አልለመንናቸውም። ያን ጊዜ አክብሮት ነው ብለነው ነበር። እውነቱ ግን ውሳኔያቸው ለእኛ ይመቸን ነበር፤ እሳቸው መርፌውን ከወሰዱ ሙከራው እንደሚፈርስ እናውቅ ነበርና። እጃቸው ብዕር መያዝ ሲያቅተው እሳቸው እየተናገሩ እኛ ጻፍን። ሲራመዱ መሰናከል ሲጀምሩ የቢሯቸውን ምንጣፍ አነሣን። «ይብቃዎት» ያለ ግን አልነበረም።

በ2019 ውጤቱ ተገለጠ። መድኃኒቱን የወሰዱትና ባዶውን የወሰዱት ሕሙማን በሽታ እኩል ገስግሷል። ወረቀቱ ሲነበብ በስብሰባው ክፍል የነበርን ሁሉ መጀመሪያ የተሰማን እፎይታ ነው። ዶክተር ኢሶጋይን የከለከልናቸው የሚጠቅም ነገር አልነበረም ብለን ተነፈስን። ተስፋቸውን በእኛ ላይ የጣሉ ሕሙማን ውጤቱን ገና አልሰሙም ነበር። በሕይወታችን እንደዚያች ትንፋሽ የምናፍርበት ነገር የለም።

ዶክተር ኢሶጋይ ፊታችንን አይተው ሳይገባቸው አልቀረም። «በደብዳቤ እንዳታረዷቸው። ፊት ለፊት ሄዳችሁ ንገሯቸው» አሉን። እኛ ሥራ በዝቶብናል ብለን ለብዙዎቹ ደብዳቤ ላክን። እሳቸው ግን አቶ ቶሺካዙ በእንኮይ መጫኛዋ መኪና እየነዱላቸው፣ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ከቤት ቤት ዞሩ። ከማዕከሉ አብራቸው የሄደችው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ያጠምዱ የነበሩት አቶ ሚሺማ ባዶው እንደደረሳቸው ሲሰሙ ተቆጡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴን የወጋሁት ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው። የእርስዎ ውሃ ባይኖር ግን መድኃኒቱ እንዳልሠራ በምን እናውቅ ነበር? ሌላው ሰው በከንቱ እንዳይወጋ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ሚሺማ «ለካ ስኩዊድ ብቻ አይደለም ያጠመድኩት» ብለው ሳቁ፤ እንግዶቻቸውንም ራት ሳይበሉ አልሸኙም። ይህን የነገረችን ነርሷ ናት።

አንድ ሙከራ ጥያቄውን እንደማይዘጋው ዶክተር ኢሶጋይ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በሌሎች የስኳር መድኃኒቶች ላይ የሚደረጉ ጥናቶችን፣ ዓይናቸው ሲደክምም እያስነበቡ፣ እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል።

ረቡዕ ዕለት፣ የዶክተር ኢሶጋይ አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ዶክተር ኩኒሺ በማዕከሉ ስም ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ሐዘን ቤቱ ሄደው ነበር። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ መድኃኒቱ ተሰጥቷቸው ቢሆን እንኳ ለውጥ እንደማያመጣ መናገር ጀመሩ። አቶ ቶሺካዙ አቋረጧቸው።

«ውጤቱ መልካም ቢሆን ኖሮስ፣ ዛሬ ምን ብለው ይመጡ ነበር?»

አቶ ቶሺካዙ ትንሽ ጠብቀው ከበሩ ዘወር አሉላቸው። «በሉ ይግቡ። ውስጥ ናት» አሏቸው።

ለአቶ ቶሺካዙ፣ ለቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ለታከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አቶ ቶሺካዙ ለጠየቁት ጥያቄ ማዕከሉ መልስ የለውም።

የአሳናጊ የነርቭ ሕክምና ማዕከል ሠራተኞች